ለሱቆች ኮሚሽን ብጨምር ሽያጭ ያድጋል? (እንጀራ አከፋፋይ፣ ኮዬ ፈጬ)

የኮዬዋ_ጋጋሪ
ሰላም ለዚህ ቤት። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እንጀራ እየጋገርኩ ለሱቆች አከፋፍላለሁ። አራት ሴቶች አብረውኝ ይሠራሉ። በቀን ወደ 600 እንጀራ ይወጣል፣ 29 ሱቅ ይረከበኛል። ሱቁ በ22 ብር ሸጦ 2 ብር ለራሱ ይይዛል፣ 20ው የእኔ ነው። አምስቱ ሱቆች ግን 3 ብር ነው የሚይዙት። ሳይሸጥ ያደረውን መልሼ እወስድና ድርቆሽ አደርገዋለሁ፤ ከአንዱ 5 ብር ቢገኝበት ነው።

የእህቴ ልጅ ደብተሬን ሙሉ ወደ ኤክሴል ገለበጠልኝና «አክስቴ፣ 3 ብር የምትተዪላቸው ሱቆች ከሌሎቹ እጥፍ ይሸጣሉ፤ ለሁሉም 3 አድርጊው» አለኝ። ደግሞም የነገውን ሽያጭ ኮምፒዩተሩ እንዲተነብይልኝ አደርጋለሁ ይላል። አንድ ብር ቀላል ትመስላለች እንጂ ለሁሉም ከጨመርኩ በቀን ከ400 ብር በላይ ከኪሴ ይወጣል። ከመወሰኔ በፊት የምታውቁ ምከሩኝ።

ስድስት_ኪሎ
እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። 3 ብር የሚያገኙት አምስቱ ሱቆች እንዴት ተመረጡ?

የኮዬዋ_ጋጋሪ
እኔ አልመረጥኳቸውም። ታክሲ መያዣው አጠገብ ያሉት ናቸው። «ሌላ አከፋፋይ 3 ይተውልናል» ብለው ያዙኝ። ብዙ ስለሚያነሱ እንዳላጣቸው ብዬ እሺ አልኩ።

ስድስት_ኪሎ
በቃ፣ መልሱ እዚያው አለ። 3 ብሩ አይደለም ብዙ እንዲሸጡ ያደረጋቸው፤ ብዙ መሸጣቸው ነው 3 ብር ያስጠየቃቸው። ከሥራ የሚመለሰው ሰው ሁሉ ከታክሲ ወርዶ እነሱ ደጅ ነው የሚያልፈው። ብሩን ወደ 1 ብታወርጂው እንኳ (ባይቀየሙሽ) ከብሎክ ውስጥ ካለው ሱቅ በላይ ይሸጣሉ።

ልጁ አልዋሸሽም፤ ሰንጠረዡ እውነት ነው። «ነገ የትኛው ሱቅ ብዙ ይሸጣል?» ብትዪው የኮሚሽኑ ዓምድ ጥሩ ጠቋሚ ነው፣ ለትንበያ ያገለግላል። የአንቺ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ «ዛሬ 2 ብር የሚያገኘው ሱቅ 3 ቢያገኝ ምን ያህል ይሸጥ ነበር?» ያ ቁጥር ደብተርሽ ውስጥ የለም፣ ምክንያቱም አልሆነም። ኮምፒዩተር ያልሆነውን ከሆነው ውስጥ ፈልቅቆ አያወጣልሽም። ሞክሮ ማየት ነው፣ ያውም በዕጣ።

ሒሳቡን ደግሞ አስቀድመሽ ሥሪ። አንድ እንጀራ ስንት ያወጣብሻል?

የኮዬዋ_ጋጋሪ
ጤፉ፣ ማስፈጫው፣ መብራቱ፣ የሴቶቹ ደሞዝ፣ የባጃጁ ሁሉ ተደምሮ 14 ብር ገደማ።

ስድስት_ኪሎ
እንግዲህ አሁን ከአንድ እንጀራ 6 ብር ይተርፍሻል፣ 3 ብር ስታደርጊው 5 ይሆናል። በፊት የምታገኚውን ለማግኘት ብቻ ሽያጩ 20 በመቶ ማደግ አለበት። በቀን 18 የሚሸጥ ሱቅ ወደ 22 ካልተጠጋ ከሳሪ ነሽ።

ዶሮ_ከሱሉልታ
ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እንጀራ ለመሸጥም ዩኒቨርሲቲ ሊያስፈልግ ነው? እኔ እንቁላል ስሸጥ ዕጣ ጥዬ አላውቅም። ሁዳዴ ሲገባ እንቁላል እንደሚወድቅ፣ ፋሲካ ሲቃረብ እንደሚወጣ አውቃለሁ፤ ጫጩት የማስገባበትን ወር በዚያ እቆጥራለሁ። እስካሁን አላሳፈረኝም። ለሁለት ሳምንት 3 ብር አድርጊና እዪው፣ ካደገ ያዢው፣ ካላደገ መልሺው። አለቀ።

ስድስት_ኪሎ
ወንድሜ፣ የአንተ ጥያቄ ትንበያ ነው፣ ደግሞም ጎበዝ ተንባይ ነህ። ሁዳዴ በአንተ ውሳኔ አይገባም አይወጣም፤ መቼ እንደሚመጣ ማወቅ ይበቃሃል። እሷ ግን አንድ ነገር ልትለውጥ ነው፣ የለውጡን ውጤት ነው ማወቅ የፈለገችው።

«ሁለት ሳምንት አድርጊና እዪው» ያልከው ላይ ደግሞ፦ በዚያው ሁለት ሳምንት ደሞዝ ቢወጣስ? መብራት ቢቆራረጥስ? ኮዬ መብራት ሲጠፋ በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋግረው ሁሉ ወደ ሱቅ ነው የሚሄደው። ያኔ ሽያጩ ያድግና ኮሚሽኑ ነው እንላለን። ለዚህ ነው በአንድ ጊዜ ለአንዳንዱ 3፣ ለሌላው 2 ሆኖ መነጻጸር ያለበት። መብራቱ ሲጠፋ ለሁለቱም ይጠፋል።

የኮዬዋ_ጋጋሪ
ስለ መብራት ያልከው እውነት ነው፤ የእንጨት ምጣድ በመጠባበቂያ የያዝኩትም ለዚያ ነው። እንደዚያ ያለ ቀን ከምሽቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ አልቆ ይደውሉልኛል።

ኮደሩ_ከጣፎ
እዚህ ላይ ላቋርጥ። «አልቆ ይደውሉልኛል» ያልሽው የትንበያውን ነገር የሚያበላሽ ነው። ደብተርሽ የሚይዘው የተሸጠውን እንጂ የተፈለገውን አይደለም። 25 አስረክበሽ 25 ከተሸጠ፣ 26ኛውን ፈልጎ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው የትም አልተጻፈም። ልጁ ያንን 25 ለሞዴሉ (ለሚተነብየው ፕሮግራም) እንደ ፍላጎት ካስተማረው፣ ሞዴሉ ሁልጊዜ አሳንሶ ይተነብያል፤ አንቺም አሳንሰሽ ትጋግሪያለሽ፤ እንደገና ያልቃል፤ ሞዴሉም «ይኸው ልክ ነበርኩ» ይላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሱቆቹ ያለቀበትን ሰዓት ይጻፉልሽ፣ እነዚያ ቀኖች ተለይተው ይታዩ።

ሌላው፣ «ነገ 590 ይሸጣል» የሚል አንድ ቁጥር ብቻ አትቀበዪ። ትርፍና ኪሳራሽ እኩል አይደሉም። በስድስት ኪሎ ሒሳብ ብንሄድ፣ አንድ እንጀራ ሲያንስሽ የምታጪው 6 ብር ነው። ሲተርፍሽ ደግሞ 14 አውጥተሽ በድርቆሽ 5 ታገኛለሽ፣ 9 ብር ከሰርሽ። 6ን ለሁለቱ ድምር ለ15 ስናካፍል 0.4 ይመጣል። ትርጉሙ፦ ከመቶ ቀን በ40ው ፍላጎቱ የማያልፈውን ያህል ጋግሪ ነው። በ60ው ቀን ያልቅብሽ፣ ግድ የለም፤ ከማትረፍ ማለቁ ይሻላል።

ሰው_ኃይል_ገላን
ኮደሩ፣ ቆይ እስኪ። 14 ብር ውስጥ የሴቶቹ ደሞዝ አለበት። እህቴ፣ በወር ነው የምትከፍያቸው ወይስ በጋገሩት ልክ?

የኮዬዋ_ጋጋሪ
በወር። 550ም ይሁን 650፣ ደሞዛቸው ያው ነው።

ሰው_ኃይል_ገላን
እንግዲያው አንድ እንጀራ ብትጨምሪ የሚጨምርብሽ ጤፉና መብራቱ ነው፣ ምናልባት 11 ብር። ሲያንስ የምታጪው 9 ብር ሆነ፣ ሲተርፍ የምትከስሪው 6። 9 ለ15፣ 0.6። ምክሩ ተገለበጠ፣ ከመካከለኛው ቀን በላይ ጋግሪ ማለት ነው። የኮሚሽኑም ሒሳብ ይለወጣል፤ ከ9 ወደ 8 ነው የምትወርጂው፣ ስለዚህ የሚያስፈልግሽ ዕድገት 20 በመቶ ሳይሆን 12 ከግማሽ ነው። 18 የሚሸጠው ሱቅ ከ20 ትንሽ ካለፈ ይበቃል።

ኮደሩ_ከጣፎ
ልክ ነህ፣ እጅ ሰጥቻለሁ። የ0.6ቱን ያዢ።

የቀድሞ_ቆጣሪ
ልጆቼ፣ ሳነብ አላስቻለኝም። እኔ በስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ በ1987ም በ1999ም የሕዝብ ቆጠራ ላይ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም። ኮዬ ፈጬ ያኔ የጤፍና የስንዴ ማሳ ነበር። ዛሬ ስንት ቤተሰብ እንዳለበት የሚናገር ሁሉ ከግምት በላይ የያዘው የለም። ስለዚህ ልጄ፣ ስለ አካባቢሽ ፍላጎት ከአንቺ ደብተር የተሻለ መረጃ እጄ ላይ አለ የሚልሽ ቢመጣ ጠርጥሪ።

ወደ ሙከራው ልግባ። ዕጣው ለእያንዳንዱ ሱቅ አይሁን። ጎረቤታሞች ናቸው። አንዱ 3 ብር አግኝቶ እንጀራሽን ከደጁ ላይ ቢደረድር፣ የሚወስደው ገበያ ከጎኑ ካለው የራስሽ ሱቅ ነው። እሱ ጨመረ፣ ያኛው ቀነሰ፣ አንቺ ዘንድ ምንም የለም፤ ወረቀቱ ላይ ግን ልዩነቱ እጥፍ ድርብ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ጎረቤታሞቹን በአንድ ቡድን አድርጊ። አምስቱን የታክሲ መያዣ ሱቆች ተያቸው፤ ከእነሱ ብር ቢነሳ ጥለውሽ ይሄዳሉ። የቀሩት 24 ናቸው፤ ሦስት ሦስት ጎረቤት ሲሆኑ ስምንት ቡድን። አራቱ መጀመሪያ 3 ብር ያግኙ፣ አራቱ በ2 ይቆዩ፣ ከዚያ ይቀያየሩ። ስምንት ቡድን ትንሽ ነው። ቅያሬው ግን እያንዳንዱን ከራሱ ጋር ስለሚያነጻጽር ያግዛል። ከቅያሬው በኋላ ያሉትን የመጀመሪያ ቀኖች ከሒሳብ አውጪ፣ የለመዱት ወዲያው አይለቃቸውም።

ዕጣውንም እነሱ ፊት አውጪ፣ እንደ እቁብ። ያኔ ማንም «ለወዳጇ ሰጠች» አይልም።

ዶሮ_ከሱሉልታ
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ዕጣ ሲባል እኔ የሚታየኝ የኮንዶሚኒየሙ ነው። እሱንም አይተነዋል።

የቀድሞ_ቆጣሪ
በሐምሌ 2014 የወጣውን ማለትህ ነው። የተመዝጋቢዎቹ መረጃ ተነካክቷል ተብሎ ተሰርዟል፣ አዎ። ያ ግን የሚያሳየው ሌላ ነው፤ ችግሩ ከዕጣው አይደለም፣ ዕጣው ውስጥ ከገባው ስም ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ንጹሕ ሆኖ የወጣ ዕጣ ትልቅ መረጃ ነው። የደረሳቸውንና ያልደረሳቸውን ተመዝጋቢዎች አነጻጽረው ቤት ማግኘት በኑሮ ላይ ምን እንዳመጣ ያጠኑ ተመራማሪዎች አሉ። ሁለቱም ተመዝግበዋል፣ ሁለቱም ቆጥበዋል፣ የለያቸው ዕድል ብቻ ነው። «ቤት ያላቸው ከሌላቸው የተሻለ ይኖራሉ» ብለህ እንዲሁ ብታነጻጽር ግን ድሮም ገንዘብ የነበረውን ነው የምታገኘው።

ነገሩ ደግሞ ከማሳ የመጣ ነው። ፊሸር የሚባል እንግሊዛዊ ከመቶ ዓመት በፊት ሮታምስቴድ በሚባል የእርሻ ምርምር ጣቢያ ማዳበሪያን ሲያወዳድር፣ የትኛው መደብ ማዳበሪያ እንደሚያገኝ በዕጣ ይወስን ነበር። ለምን? ገበሬው ራሱ ቢመርጥ ለሙን መሬት ይሰጠዋላ።

ሰው_ኃይል_ገላን
ስለ እኛ ሰፈር የሚናገር ጥናት ስላለ ላንሳው። ፋብሪካ ውስጥ ቅጥር ላይ ነው የምሠራው፤ ሁልጊዜ የምንሰማው «ፋብሪካ ሲከፈት የወጣቱ ገቢ ያድጋል» ነው። ብላትማን እና ደርኮን የሚባሉ ተመራማሪዎች እዚሁ አገራችን ከአምስት ድርጅቶች ጋር ሆነው ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ አመልካቾችን በዕጣ ሦስት ቦታ ከፈሏቸው፦ አንዱ የፋብሪካ ሥራ አገኘ፣ አንዱ 300 ዶላር ገደማና የንግድ ሥልጠና፣ ሦስተኛው ምንም። ፋብሪካ የገቡት ሲሶ ያህሉ ወሩ ሳይሞላ ለቀቁ። ገቢያቸው ምንም ካላገኙት ብዙም አልተለየም፣ የጤና ችግር ግን ጨመረባቸው። ብር ያገኙት በዓመቱ ገቢያቸው በ33 በመቶ በልጦ ተገኘ።

እዚህ ላይ ብናቆም «ፋብሪካ ይቅር፣ ብር ይታደል» እንል ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲጠይቋቸው ግን ሦስቱም ቡድኖች ተቀራርበው ነው የተገኙት።

የለቀቁት ለምን ለቀቁ ብትሉኝ ለእኔ አዲስ አይደለም። ጠዋት ሰርቪስ የሚጠብቀውን ሰልፍ አያለሁ። ደሞዝ በተከፈለ ማግስት ሰልፉ ያጥራል፣ እኛም አዲስ ማስታወቂያ እንለጥፋለን። ብዙዎቹ ሲገቡም ሌላ እስኪያገኙ ነው።

አያት_ጨፌ
እኔ ከሥራ ፈላጊው ወገን ነኝ። ከአያት ጨፌ አራት ኪሎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ለማንበብ ብቻ ስንት ታክሲ እንደሚቀየር የሚያውቅ ያውቀዋል። ሥራ ሳልይዝ የትራንስፖርት ብቻ ይጨርሰኛል። መንግሥት ለሥራ ፈላጊ የታክሲ ቢሰጥ ኖሮ ብዬ ሁሌ አስባለሁ። ይሄም ተሞክሯል?

ስድስት_ኪሎ
ተሞክሯል፣ ያውም አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከመሀል ከተማ ራቅ ብለው በሚኖሩ ወጣቶች ላይ። ግሩም አበበ፣ ፍራንክሊን፣ ካሪያና ሌሎችም የሠሩት ነው፣ በ2021 እንደ ፈረንጆቹ ታተመ። በዕጣ ለአንዳንዱ የትራንስፖርት ድጎማ ሰጡ፤ ለሌላው ደግሞ ሲቪ አጻጻፍ፣ የቃለ መጠይቅ ዝግጅትና ችሎታውን ፈትኖ የሚመሰክር ሰርተፊኬት የያዘ ሥልጠና። በመጀመሪያው ልኬት ሁለቱም ጠቅመዋል፣ መደበኛ ሥራ የማግኘት ዕድሉ በሁለቱም ጨምሯል። ከአራት ዓመት በኋላ ግን የትራንስፖርቱ ጥቅም ጠፍቶ የሥልጠናው ቀረ፤ የሠለጠኑት ደሞዛቸው ከፍ ብሎ ተገኘ።

አያት_ጨፌ
ይገርማል። እኔ ችግሬ ርቀቱ ነው ብዬ ስምል ነበር። ቀጣሪው ስለማያውቀኝ ነው ለካ? ግን እኮ ዛሬ የታክሲ የሌለው ሰው አራት ዓመት አይጠብቅም።

ስድስት_ኪሎ
እሱም ትክክል ነው። ጥናቱ ትራንስፖርት አይረዳም አይልም፤ ረድቷል፣ ግን አልቆየም። በጀቱ ለአንዱ ብቻ ሲበቃ ለየትኛው የሚለውን ነው የሚያግዝ። አራት ዓመት ቆይተው ባይመለሱ ኖሮ ሁለቱ እኩል መስለው ይቀሩ ነበር።

ዶሮ_ከሱሉልታ
የፈረንጅ ገንዘብ ሲኖር አምስት ዓመት መጠበቅ ይቻላል። እሷ ሰኞ ሊጥ ማቡካት አለባት!

ኮደሩ_ከጣፎ
ሃሃ፣ ይሄንንስ ተቀብያለሁ። ለዚህም ነው ትንበያ የሚያስፈልገው። ሊጡ ዛሬ ይቦካል፣ ትንበያው ለዛሬ ነው። ኮሚሽኑ ግን ለዓመት የሚቆይ ነገር ስለሆነ ሁለት ወር ቢታገሱት አይከፋም።

ስለ ትንበያ ካነሳን አንድ ማስጠንቀቂያ። በስልክ የሚሰጠውን ብድር እዩ፤ በ2013 ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ያለ መያዣ በስልክ ትንሽ ብድር መውሰድ ተለምዷል። ማን ይመልሳል የሚለውን የሚገምተው ፕሮግራም የሰውን የገንዘብ እንቅስቃሴ ነው የሚያየው። ግምቱ ልክ የሚሆነው ሰዉ ሳያውቅ እንደ ልማዱ እስከተንቀሳቀሰ ድረስ ነው። «ብዙ ብታንቀሳቅስ ጣሪያህ ከፍ ይላል» የሚለው ወሬ ሲዛመት፣ ከራሱ ስልክ ወደ ሚስቱ ስልክ እየላከ መልሶ የሚቀበል ሰው አይቻለሁ። እንቅስቃሴው ጨመረ፣ የመክፈል አቅሙ ግን ያው ነው። ጠቋሚው ሽልማት ሲንጠለጠልበት ጠቋሚነቱ ይቀራል። እህቴ፣ ሱቆቹን በሚያዙት ብዛት ከሸለምሽ ተመሳሳይ ነገር ይገጥምሻል።

የኮዬዋ_ጋጋሪ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ዕድሜ ይስጣችሁ። ጋሼ እንዳሉት አደረግኩት። ባለሱቆቹን ሰብስቤ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ጠቅልዬ ኮፍያ ውስጥ ጨመርኩና ከመሀላቸው ያለች አንዲት ልጅ አወጣችው። ጥቂት አጉረመረሙ፣ «ተራችሁ ይደርሳል» ስላቸው ግን ተቀበሉ።

የመጀመሪያው ዙር አለቀ። 3 ብር ያገኙት ሱቆች በቀን የሚያዙት በአማካይ ከ18 ወደ 23 ወጣ። ደስ ብሎኝ ለእህቴ ልጅ ደወልኩለት። ማታ ግን የተመለሰውን ስቆጥር ከእያንዳንዱ ሱቅ አራት እንጀራ ይመጣል። ሸጡ የሚባለው 19 ነው። በ2 የቆዩት ደግሞ ያው 18 ገደማ ናቸው። ኮደሩ ያለኝ ነገር ሳይውል ሳያድር ደረሰ። ጣራዬ ላይ ድርቆሽ ማስጫ ቦታ ጠፍቷል።

ዶሮ_ከሱሉልታ
እኔ እንዳልኩት «አድርጊና እዪው» ብትዪ ኖሮም ታውቂው ነበር።

ስድስት_ኪሎ
ታዝዞ የሄደውን ብቻ ብታይ 23ቱን አይታ ለሁሉም 3 ታደርግ ነበር፣ ወንድሜ። መለኪያው የተረከቡት ሲቀነስ የተመለሰው ነው። 19ኙ ደግሞ ከሚያስፈልጋት 20 በታች ነው። ያውም 18 እና 19 በዚህ ትንሽ ቁጥር ላይ ልዩነት ይሁኑ የአጋጣሚ መወዛወዝ ገና አልታወቀም።

ሰው_ኃይል_ገላን
እኔ ብሆን አሁኑኑ አቆመው ነበር። የተመለሰው እንጀራ በየቀኑ ገንዘብ እየበላ ነው።

የቀድሞ_ቆጣሪ
አይ ልጄ፣ ቅያሬውን ይጨርሱት። ምናልባት መጀመሪያ 3 ያገኙት አራት ቡድኖች በዕድል ደካሞቹ ሆነው ይሆናል፤ ያ የሚለየው ሲቀያየሩ ነው። የመላሹን ኪሳራ ለመቀነስ ከፈለግሽ ለሁለቱም ወገን እኩል ጣሪያ አድርጊ፣ ከትናንት ሽያጩ ከሁለት እንጀራ በላይ አስበልጦ የሚወስድ እንዳይኖር። ለአንዱ ወገን ብቻ ካደረግሽው ግን የምትለኪው ኮሚሽኑን ነው ወይስ ጣሪያውን የሚለው ሳይታወቅ ይቀራል። ከፍልሰታ በፊት ማለቁንም ተጠንቀቂ፤ ግማሹ ዙር በጾም ግማሹ በፍስክ እንዳይሆን።

የኮዬዋ_ጋጋሪ
እሺ ጋሼ፣ ጣሪያውን ለሁሉም አደርጋለሁ። ቅያሬው ሰኞ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ፦ 3 ብር ከደረሳቸው አንዱ ባለሱቅ ኪራይ ተጨምሮበት ሊዘጋ ነው አሉኝ። ከዝርዝሩ ላውጣው?

የቀድሞ_ቆጣሪ
አታውጪው። ዕጣው በደረሰው ቡድን ውስጥ እንዳለ ይቆይ፣ ከተዘጋበት ቀን ጀምሮ ሽያጩን ዜሮ ብለሽ ጻፊ፣ አጠገቡም ምክንያቱን። በ2 ብር ካሉት አንዱ ቢዘጋም እንደዚያው። በመጨረሻ እሱን ጨምረሽም፣ ትተሽም ሁለት ጊዜ አስልዪና ሁለቱንም እዚህ ለጥፊልን።